ሰሚራ የጻፈችው፣ እኔ የተናገርኩት

ይህ ነገር የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ለባልደረቦቼ ያለፈና የተረሳ ነገር ሆኗል። ለእኔ ግን አላለፈም። ማንም ስላልከሰሰኝና ማንም ስላልወቀሰኝ ይመስለኛል ከውስጤ አልወጣ ያለው። እስቲ ልጻፈውና ይቅለለኝ ብዬ ነው።

ቡታጅራ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ላቦራቶሪውንም የምይዘው እኔ ነኝ። ላቦራቶሪ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አራት ረጃጅም ጠረጴዛ፣ አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ኬሚካል የሚቀመጥበት አንድ ቁም ሳጥን፣ ከኋላው ደግሞ ዕቃ የምናከማችበት ጠባብ ክፍል ነው። ያም ሆኖ ልጆቹ ይወዱታል፤ እኔም እወደዋለሁ።

ሰሚራ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የእንሴኖ ልጅ ናት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቡታጅራ አንድ ክፍል ተከራይታ ትማራለች፤ ዓርብ ዓርብ ቤቷ ሄዳ እሑድ ትመለሳለች። አባቷ በእንሴኖ ገበያ የታወቀ የበርበሬ ነጋዴ ነው። ልጅቷ አፏ ፈጣን ነው። አንድ ቀን አንድ ሙከራ ሦስቴ ሠርቼ እምቢ ሲለኝ፣ «ቲቸር፣ ኬሚስትሪው ዛሬ ፆም ይዟል መሰለኝ» ብላ ክፍሉን በሳቅ አፍርሳዋለች። እኔም ስቄያለሁ።

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ዕለት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። የሒሳብ መምህሩን ክፍሌ እንበለው። ክፍሌ ጎበዝ አስተማሪ ነው። ማንም ሳያዘው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተማሪ ሰብስቦ የሚያስጠና ሰው ነው። ጠባዩ ግን ቁጡ ነው፤ ሲናደድ ቃል አይመርጥም። የዚያን ዕለት የፈተና ወረቀት ሲመልስ ሰሚራ ከሃያ አራት ነበር ያገኘችው። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየና፣

«ሰሚራ፣ አንቺ እዚህ ጊዜሽን ምን ያባክነዋል? በርበሬ ገበያ ሄደሽ ብትቀመጪ ይሻልሻል» አላት።

ክፍሉ ሳቀ። መልስ የማታጣዋ ሰሚራ ያን ቀን ምንም አልመለሰችም አሉ።

መልሱን የጻፈችው ወደ ማታ ነው። ልጆቹ የክፍል የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። እዚያ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ነገ ከላብ አሲዱን አምጥቼ ፊቱ ላይ ካልደፋሁት ሰሚራ አትበሉኝ። ከዛ ማን ገበያ እንደሚቀመጥ እናያለን።»

ልጆቹ የሳቅ ምልክት ደረደሩበት። አንዱ «እኔ ቪዲዮ እቀርጻለሁ» ብሎ ጻፈ። ሌላው ደግሞ ጽሑፉን ፎቶ አንስቶ ለራሱ ለመምህር ክፍሌ ላከለት።

ሐሙስ ጠዋት ትምህርት ቤት ስደርስ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ እየጠበቀኝ ነበር። ስልኩን ዘረጋልኝና አነበብኩት። የሰሚራ ክፍል ልጆች ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ ከእኔ ጋር ነበሩ። እሷም ነበረች።

«ዕቃሽ ሙሉ ነው?» አለኝ ርዕሰ መምህሩ።

ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩት። ሰልፈሪክ አሲዱ በሦስት ቡናማ ጠርሙስ ነው የሚቀመጠው። ያየሁት ሁለት ነው። የፊት የፊቱን ጠርሙስ ሁሉ ገለጥኩ። ሁለት ብቻ ነው።

«አንዱ የለም» አልኩ።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ርዕሰ መምህሩ ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ ስልክ ደወለ። በእኛ አካባቢ የተወረወረ ቃል ምን እንደሚያስከትል ሰው በዓይኑ አይቷል፤ «ልጅ ናት፣ ቀልዳ ነው» ብሎ የሚያልፍ የለም። አሲድ ሲባል ደግሞ ማን ይታገሣል? እኔ ርዕሰ መምህሩን ብሆን እንደሱ ነበር የማደርገው።

ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ አንዷ ሴት ሳጅን ናት። ሰሚራን ከክፍል አስጠሯት። ቦርሳዋን ሜዳው ላይ አራገፉት። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ማበጠሪያና ግማሽ ዳቦ ወጣ። ጠርሙስ የለም። «የት ደበቅሽው?» ሲሏት «ምኑን?» አለች። ቤቷን ሊፈትሹ ይዘዋት ሄዱ። እኔ በላቦራቶሪው መስኮት አይ ነበር። በግቢው በር ልትወጣ ስትል ዞር ብላ ወደ ክፍሎቹ አየች። ያየችኝ መስሎኝ ከመስኮቱ ፈቀቅ አልኩ።

ቤቷም ምንም አልተገኘም። ያ ግን ነገሩን አቀለለው ማለት አይደለም፤ ይልቅ ባሰ። ጠርሙሱ የት ነው? ለማን ሰጠችው? ያን ቀን መምህራን ክፍል የገቡት የተማሪ እጅ እያዩ ነው። ሰሚራ ጣቢያ አደረች። ከታሳሪዎች ጋር አላስገቧትም፤ ሴት ፖሊሶቹ ቢሮ ውስጥ ወንበር አጋጥመው ነው ያስተኟት። ቢሆንም አደረች።

ዓርብ ጠዋት ለሌላ ክፍል ሙከራ ለማዘጋጀት ወደ ኋላው ጠባብ ክፍል ገባሁ። ሚዛን ፈልጌ ነው። ጥግ ላይ አሸዋ የተሞላ ባልዲ አለ። ባልዲው ውስጥ፣ አሸዋው እስከ አንገቱ የያዘው አንድ ቡናማ ጠርሙስ ቆሟል።

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከሳምንት በፊት ክዳኑ ተሰንጥቆ አይቼው፣ እንዳይፈስ ብዬ በገዛ እጄ አሸዋ ውስጥ ያቆምኩት እኔው ነኝ። በወረቀት ላይ «አይነካ» ብዬ ጽፌ ለጥፌበታለሁ። የእጅ ጽሑፌ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሲጠይቁኝ ግን ከጭንቅላቴ ጠፍቶ ነበር። ያን መልእክት አንብቤ ስለነበር ዓይኔ የፈለገው የጎደለ ጠርሙስ ነው፤ የጎደለ ጠርሙስም አገኘ።

ክፍለ ጊዜዬን ትቼ ባጃጅ ያዝኩና ጣቢያ ሄድኩ።

ከበሩ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ሳህን ይዛለች። ፊቷን ሳይ ማን እንደሆነች ሳይነግሩኝ አወቅኩ፤ ሰሚራ ቁርጥ እሷን ናት። ወይዘሮ ከድጃ ትባላለች። ሌሊቱ ሲነጋ ከእንሴኖ ተነሥታ ነው የመጣችው።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለችኝ ከድንጋዩ ብድግ ብላ። «አስተማሪዋ ነሽ?»

«አዎ፣ እናቴ። ኬሚስትሪ አስተምራታለሁ።»

«ልጄ ሰው አታቃጥልም» አለችኝ። አማርኛው ለእሷ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል እየፈለገች ታወጣዋለች። «አፏ ነው። አፏ ብቻ ነው።»

እኔ ነኝ ያሳሰርኳት ብዬ ልነግራት ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም። «ላስፈታት ነው የመጣሁት» ብቻ አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? እጄን ይዛ ሳመችው። ይህን ስጽፍ እንኳን ያሳፍረኛል።

ሳጅኗ ቃሌን በጽሑፍ ተቀበለች። ጠርሙሱ እንደተገኘ፣ ያስቀመጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ልጅቷ እንዳልነካችው ነገርኳት። ጽፋ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣

«ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። «ግን መምህርት፣ ጠርሙሱ ተገኘ እንጂ ጽሑፉ አልጠፋም። እሱንስ ምን እናድርገው?»

አባቷ መጥቶ ዋስ ሆኖ ከፈረመ በኋላ ወደ ቤቷ ሄደች። የቀረውን ትምህርት ቤቱ በዲሲፕሊን ይየው ተባለ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰበሰብን። ሰሚራ ከእናትና ከአባቷ መሐል ተቀምጣለች። በሦስት ቀን ውስጥ ፊቷ አንሶ ነበር። አባቷ አቶ ነስሩ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ወልቂጤ ሕግ የሚማረው ታላቅ ወንድሟ ሙባረክም ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ደርሷል። መምህር ክፍሌ ፊት ለፊታቸው ነው። እኔ በሩ አጠገብ ነኝ።

ቀድሞ የተናገረው ሙባረክ ነው። ልጁ አነጋገሩን አጥንቶት መጥቷል።

«እህቴ የጻፈችው ጥሩ ነው አልልም» አለ። «ግን ቃል ነው። ጠርሙስ አልወሰደችም፣ ማንንም አልነካችም። ሰው ተናዶ የተናገረው ሁሉ ወንጀል ከሆነ ሳይታሰር የሚቀር ማን አለ? ሐሳብን በነፃነት መግለጽ መብት ነው። እናንተው ናችሁ በዜግነት ትምህርት ያስተማራችኋት።»

ርዕሰ መምህሩ ሊመልስ ሲል ክፍሌ እጁን አነሣ።

«ወንድሜ» አለው፣ ድምፁ ዝግ ብሎ። «‹ክፍሌ ማስተማር አይችልም፣ ክፍሌ ክፉ ነው› ብላ ብትጽፍ፣ በር ላይም ብትለጥፈው፣ መብቷ ነው። ይቆጠቁጠኛል፤ ግን እችለዋለሁ። ይሄኛው ሌላ ነው። ሐሙስ ጠዋት የክፍሉ በር ላይ ቆሜ መግባት አቃተኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሳስተምር በር ላይ ቆሜ አላውቅም። ከገባሁ በኋላም ጀርባዬን ለተማሪ ሰጥቼ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አልቻልኩም። የልጆቹን እጅ ሳይ ነው የዋልኩት። አንዲት ልጅ የውኃ ጠርሙስ ልትከፍት ብድግ ስታደርግ ምን እንደሆንኩ ልንገርህ? ጠመኔውን ጥዬ ወደ ግድግዳው ሸሸሁ። ልጆቹ ሳቁ። ቃል ነው ትላለህ። እኔ ግን እስካሁን ሲያቃጥለኝ ነው ያለው።»

ሙባረክ አንገቱን ደፋ። የተዘጋጀው ንግግር ያለቀበት መሰለኝ። ሰሚራ ማልቀስ ጀመረች፤ እንደዚያ የሚያስፈራ ነገር መጻፏን ያን ጊዜ ገና ያወቀችው ትመስል ነበር።

«ይቅርታ» አለች። «እኔ... ለመሳቂያ ነው የጻፍኩት። እንደዚህ ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«ግን ለምን?» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ምን አድርጎሽ ነው ይሄን የጻፍሽው?»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ተናገሪ እንጂ! የተባልሽው ነገር አለ?»

ዓይኗ ለአንድ አፍታ ወደ አባቷ ሄዶ ተመለሰ። «ምንም የለም» አለች።

እኔ አውቃለሁ፤ ልጆቹ ነግረውኛል። ርዕሰ መምህሩም ሳይሰማ አልቀረም። ሁላችንም እሷ እንድትናገረው ጠበቅን። ራሷን የምትከላከልበት አንድ ነገር ቢኖራት እሱ ነው። እሷ ግን አባቷ ፊት አላወጣውም አለች። የአባቷ ሥራ ስድብ ሆኖ እንደተነገረ አባቷ እንዲሰማ አልፈለገችም። ይህ ያን ጊዜ ገባኝ።

ክፍሌም ገባው። ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ፣ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ፣ ከዚያ ወደ አቶ ነስሩ ዞረ።

«እሷ ካልተናገረች እኔ ልናገር» አለ። «አቶ ነስሩ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ‹በርበሬ ገበያ ሄደሽ ብትቀመጪ ይሻልሻል› ብያታለሁ። አስቄባታለሁ። እኔ ነኝ የጀመርኩት።»

አቶ ነስሩ ቆቡን በእጁ ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። ቁጣ የጠበቅን ይመስለኛል።

«መምህር» አለ በመጨረሻ፣ «ገበያ መቀመጥ ነውር አይደለም። እኔ ግን ፀሐይ ላይ የተቀመጥኩት እሷ እንዳትቀመጥ ብዬ ነው። እርስዎ ይህን አላወቁም። አሁን አወቁ።» ከዚያ ወደ ሰሚራ ዞረ። «አንቺም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ተሰደብኩ ብለሽ ሰው ፊት ላይ እሳት ልድፋ አትይም። ይህን ያስተማረሽ የእኔ ቤት አይደለም።»

ሰሚራ ተነሥታ የክፍሌን ጉልበት ልትስም ስትጎነበስ ክንዷን ይዞ አነሣት። «ተይ፣ ተይ» አላት። እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ሁለት ሳምንት ከትምህርት ታገደች፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያም ተጻፈባት፤ ስትመለስ ክፍሏ ፊት ይቅርታ እንድትጠይቅ ተወሰነ። ሙባረክ በዛ አለ፤ አባቱ ግን «ልክ ነው» ብሎ ፈረመ። «ቪዲዮ እቀርጻለሁ» ያለውም ልጅ ከነወላጁ ተጠርቶ ተመክሯል። የተመለሰች ዕለት ይቅርታዋን ስትጨርስ ክፍሌ «እኔም አንድ ያለብኝ አለ» ብሎ ከጎኗ ቆሞ የራሱን ጠየቀ። ከዚያ ያመለጣትን የሁለት ሳምንት ሒሳብ ከሰዓት በኋላ ያስጠናት ጀመር። ነገሩ በሰላም አለቀ ተባለ።

ለእኔ ግን አላለቀም። ሰሚራ የእኔ ክፍለ ጊዜ ሲሆን የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ስጠይቃት ትመልሳለች፤ ቀልድ ግን የለም። ርዕሰ መምህሩ «አንቺ ምን አጠፋሽ? ለጥንቃቄ ነው» ይለኛል። ማታ ቤቴ ስገባ ግን አስበዋለሁ። እሷ ተናዳ አንድ ነገር ጻፈች፤ እኔ ፈርቼ አንድ ነገር ተናገርኩ። ሁለቱም ቃል ነው። በእሷ ቃል አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። በእኔ ቃል አንዲት ልጅ ጣቢያ አደረች። እሷ ተቀጣች። እኔን ማንም ምንም አላለኝም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሲወጣ «ሰሚራ፣ ቆዪኝ» አልኳት። ጠረጴዛው ላይ ዕቃ እያነሣሁ፣ ፊቷን ሳላይ ጀመርኩት፤ ከዚያ አይሆንም ብዬ ቀና አልኩና ነገርኳት። ጠርሙሱን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ሳላጣራ የለም ያልኩትም እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።

«አውቃለሁ ቲቸር፤ ሳጅኗ ነግራኛለች» አለች። ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «አንድ ነገር ልንገርዎት? ጣቢያ ‹ጠርሙሱ ጠፍቷል፣ የወሰድሽው አንቺ ነሽ› ሲሉኝ አልወሰድኩም ብዬ ማልኩ። ብቻዬን ስሆን ግን ‹ወስጄው ይሆን እንዴ?› ብዬ ራሴን ጠረጠርኩት። እንደዛ ብዬ ከጻፍኩ ምኑን አምነዋለሁ? እስኪነጋ እጄን ሳሸት ነበር፣ አሲድ ይሸት እንደሆነ።»

አቀፍኳት።

አሁን ሰሚራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ወንበሯን ወደ ፊት አምጥታለች። ሒሳቡ አሁንም ይከብዳታል፤ ግን ወደ ክፍሌ ሄዳ ትጠይቃለች።

የመናገር መብት የት ላይ ያበቃል ብትሉኝ እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። የክፍሌን ፍርሃት በዓይኔ ስላየሁ «ቃል ብቻ ነው» አልልም። የሰሚራን እናት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስላየሁ ደግሞ «ተናግራለችና ትታሰር» ለማለት አፌን ይይዘኛል። አንድ ነገር ብቻ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። የዚያን ሐሙስ ጠዋት የሰሚራ ክፍል ከላቦራቶሪው በር ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። እሷም እዚያው ተቀምጣ ደብተሯን እያወጣች ነበር። ሄጄ «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር።